ለሁለት ሰው ያከራዩት ቤት ውስጥ ስድስት የጥርስ ብሩሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ባለ ሁለት መኝታ ቤቴን ለአንድ ሰውዬና ለሚስቱ በአንድ ዓመት ውል አከራይቼ ስምንት ወር ሆነኝ። ኪራይ አንድም ቀን አሳልፈውብኝ አያውቁም። ባለፈው ሳምንት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ላሠራ ስገባ ግን ሳሎን ውስጥ ሦስት ፍራሽ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መታጠቢያ ቤት ስድስት የጥርስ ብሩሽ ቆጠርኩ። የውሃ ሂሳቡ ከሦስት ወር ወዲህ እጥፍ ሆኗል፤ የምከፍለው ደግሞ እኔ ነኝ። ውሉ ላይ ስለ ሰው ብዛት ምንም አልተጻፈም፤ ተከራይ ብሎ የፈረመው ሰውዬው ብቻ ነው። ቁልፍ ልቀይርባቸው ወይስ በሰው ቁጥር ኪራይ ልጨምር?»

ሁለቱንም አያድርጉ።

ቁልፍ መቀየር በአብዛኛው አገር ሕገወጥ ነው። ሰው ከሚኖርበት ቤት የሚወጣው በሕግ መንገድ እንጂ በቁልፍ ሠሪ አይደለም። ውሃ መዝጋት፣ መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ አውጥቶ ደጅ መደርደር ሁሉም ያው ነው። ዛሬ ቅሬታ ያለዎት እርስዎ ነዎት። ቁልፉን የቀየሩ ዕለት ግን ከሳሾቹ እነሱ ይሆናሉ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ስድስቱ ብሩሽ የሚጠይቅ የለም። በሰው ቁጥር ኪራይ መጨመር ደግሞ ሲያዩት ሰላማዊ ይመስላል፤ ጣጣው ግን ይብሳል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ያዩትንና የገመቱትን ይለዩ። ያዩት ፍራሽና ብሩሽ ነው። «አራት ሰው ተጨምሯል» የሚለው ግምት ነው። ምናልባት ትክክል ነዎት። ግን ፍራሽ ለእንግዳ ይቀመጣል፣ ብሩሽም ባለቤቱ ሄዶ ይቀራል (እኔ ቤት አሁን የማን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ሰማያዊ ብሩሽ አለ)። ጠንከር ያለው ምልክት ውሃው ነው፣ እሱም ቢሆን መፈተሽ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው ለመሠረታዊ ፍላጎቱ በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል ይላል። አራት ሰው በ100 ሊትር ሲሰላ በቀን 400 ሊትር፣ በወር 12 ሜትር ኪዩብ ማለት ነው። ሂሳብዎ ላይ የጨመረው ወደዚህ ቁጥር ከተጠጋ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው። ችግሩ የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለችው ጎማ አልገጥም ስትል ድምፅ ሳታሰማ ይህን ያህል ውሃ ልታፈስ ትችላለች፣ እርስዎ ደግሞ ራስዎ እንደጻፉት የገቡት ቧንቧ ሊያሠሩ ነው። ስለዚህ ከተከራዩ ጋር ሰዓት ይያዙ፤ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪውን ያንብቡ፣ ማንም ውሃ ሳይነካ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ያንብቡ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ከደባሉ በፊት የሚፈለገው ቧንቧ ሠሪ ነው።

ሁለተኛው ስህተት «ሰው ጨመሩ» ብሎ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት ነው። ቤት ውስጥ የሚጨመር ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። የተወለደ ልጅ አለ፣ መታከም መጥታ የከረመች እናት አለች። «ሥራ እስኪያገኝ» ተብሎ የመጣ፣ ሥራ አግኝቶም ያልሄደ ወንድም አለ። የኪራዩን ግማሽ የሚጋራ ደባል አለ። በመጨረሻ ደግሞ ተከራይ አከራይ አለ፤ ራሱ ለእርስዎ አንድ ኪራይ እየከፈለ ፍራሽ በፍራሽ ከሌሎች የሚሰበስብ። ሦስት የተጠቀለለ ፍራሽ ሳሎን ውስጥ ሲቆም አእምሮ ቶሎ የሚሮጠው ወደ መጨረሻው ነው። እኔ ባየሁት ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዘመድ ነው።

ልዩነቱ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም ሕጉም ለየብቻ ነው የሚያያቸው። በኒው ዮርክ ግዛት ውሉን ብቻውን የፈረመ ተከራይ የቅርብ ቤተሰቡን፣ ከዚያም በላይ ሌላ አንድ ሰው ከነጥገኛ ልጆቹ ይዞ መኖር ይችላል፣ ውሉ ቢከለክልም ጭምር። ለአከራዩ ግን በ30 ቀን ውስጥ ስሙን ማሳወቅ አለበት። በጀርመን ተከራዩ ከውሉ በኋላ የመጣ በቂ ምክንያት ካለው የቤቱን ከፊል ለሌላ ሰው ለመስጠት ፈቃድ የመጠየቅ መብት አለው፤ አከራዩ እምቢ የሚለው ቤቱ ከመጠን በላይ ይጨናነቃልን የመሰለ ምክንያት ሲኖረው ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1988 ወዲህ ባለው ሕግ ልጅ አለህ ብሎ ማከራየት መከልከል፣ ከጥቂት ነገሮች በስተቀር፣ አድልዎ ነው። ሌላ አገር ደግሞ ያለ አከራይ የጽሑፍ ፈቃድ አንድ ክፍል ማከራየት ብቻውን ውል ያፈርሳል። ቤቱ ያለበትን አገር ሕግ ሳያዩ ደብዳቤ አይጻፉ።

እንግዳ መቼ ነው ነዋሪ የሚሆነው? ለሁሉም አገር የሚሠራ ቁጥር የለም። ብዙ ውሎች ለምሳሌ በስድስት ወር ውስጥ 14 ሌሊት ብለው ይወስናሉ፤ የእርስዎ ውል ምንም አይልምና ወደ ሁኔታው ነው የሚታየው። ሰውየው ሌላ የሚኖርበት ቤት አለው ወይ? የራሱ ቁልፍ ይዟል ወይ? ከቤቱ ተነስቶ ሥራ ይሄዳል፣ ደብዳቤ በዚያ አድራሻ ይመጣለታል? ለመጀመሪያው መልሱ የለውም፣ ለቀሩት አዎ ከሆነ እንግዳ አይባልም።

አሁን አከራዮች የሚፈሩትንና መፍራት የሚገባቸውን ላነሳ። አብዛኛው የሚፈራው ግድግዳ መቆሸሹን ነው። ግድግዳ ይቀባል። እኔን የሚያስፈራኝ ወረቀት ላይ ስሙ የሌለ ሰው ነው። ከዓመታት በፊት የማስተዳድረው ቤት ውስጥ አንድ ተከራይ ጓደኛውን አስገባ። አወቅሁ፤ ኪራዩ በሰዓቱ ስለሚገባ ዝም አልኩ። ቀስ በቀስ ገንዘቡ በጓደኛው ስም መላክ ጀመረ፣ እኔም ተቀበልኩ፣ አንድ ሁለቴ ደረሰኝም በስሙ ቆረጥኩ። በአምስተኛው ወር ስደውል ተከራዬ ሌላ ከተማ ከሄደ ከራርሟል። በሩን የከፈተው ጓደኛው «ተከራይዎ እኮ እኔ ነኝ፣ ደረሰኙ ይኸው» አለኝ። አልዋሸም! ማንነቱን አላጣራሁ፣ ማስያዣ አልተቀበልኩት፣ ውል የለን፣ ግን ተከራዬ ሆኗል። ጉዳዩ እስኪያልቅ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው።

በሰው ቁጥር ኪራይ አይጨምሩ የምለው ለዚህ ነው። አራቱ ሰዎች ገንዘብ ሲሰጡዎትና እርስዎ ሲቀበሉ «አላወቅሁም» የሚለው መከራከሪያዎ ያበቃል። ያለ ወረቀት ተከራይ አደረጓቸው ማለት ነው። አውቆ ዝም ብሎ ኪራይ መቀበልም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በብዙ ቦታ ዳኛ ዝምታን እንደ ፈቃድ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ነገሩ እስኪጠራ ኪራዩን ከፈረመው ሰው ስም ብቻ ይቀበሉ። ደረሰኙ ላይም «ይህ ክፍያ በውሉ ስማቸው ያልተጠቀሰ ሰዎች በቤቱ እንዲኖሩ መፍቀድ አይደለም» ብለው አንድ መስመር ይጨምሩ። በዓመቱ መካከል ደግሞ የተፈረመ ኪራይ በአንድ ወገን ፍላጎት አይጨመርም፤ ጭማሪ ካለ ውሉ በሚታደስበት ጊዜ፣ ሕጉ በሚፈቅደው ልክ ነው።

ከሰዎቹ ወደ ቤቱ ስንመጣ፣ መጨናነቅ ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። ስድስት ሰው የሚተነፍሰው፣ የሚታጠበው፣ ቤት ውስጥ አስጥቶ የሚያደርቀው ልብስ እርጥበት ይሆናል፤ መስኮት ካልተከፈተ ከቁም ሳጥን ጀርባ ያለው ጥግ ሻጋታ ያበቅላል። ለሁለት ሰው የተዘረጋ ሶኬት ላይ ማከፋፈያ በማከፋፈያ ይቀጠላል። ቤቱ የራሱ የፍሳሽ ጉድጓድ ካለው ደግሞ ጉድጓዱ በተወሰነ ሰው ቁጥር የተሰላ ስለሆነ ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ይሞላል። መድንዎ ላይም የነዋሪ ብዛት ተጠይቀው ሁለት ብለው መልሰው ከሆነ ውሉን አውጥተው ያንብቡት፤ እሳት ከተነሳ በኋላ መነበብ የለበትም።

ግን «ስድስት ሰው ብዙ ነው» የሚለውን ራሱን እንደ ተረጋገጠ አይያዙት። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም አንድ ቤት በቂ ስፋት የለውም የሚለው በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ ሲኖር ነው። የእርስዎ ቤት ሁለት መኝታና ሳሎን ነው፤ ስድስት ሰው ለሦስት ሲካፈል ሁለት ሁለት ይደርሳል፣ በዚህ መለኪያ መጨናነቅ አይባልም። በአሜሪካ የቤቶች መሥሪያ ቤት የሚመራበት እ.ኤ.አ. የ1991 ማስታወሻ ደግሞ በአንድ መኝታ ክፍል ሁለት ሰው የሚለው ገደብ በጥቅሉ ምክንያታዊ ነው ይላል፤ በዚህኛው ሁለት ሰው ከገደቡ ያልፋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2018 መገባደጃ ጀምሮ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቤተሰብ የተውጣጡ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ኩሽና ወይም መታጠቢያ እየተጋሩ የሚኖሩበት ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አንድ ትልቅ ሰው ለሚተኛበት ክፍል ቢያንስ 6.51 ካሬ ሜትር፣ ለሁለት 10.22 ካሬ ሜትር ይጠየቃል። ልብ ይበሉ፣ እዚያ ሰዎቹን ያስገባው ተከራዩ ቢሆንም ፈቃድ የለህም ተብሎ ሊጠየቅ የሚችለው አከራዩ ነው። ያሉበት አገር እንዲህ ያለ ደንብ ካለው «አላየሁም» ብሎ መተው የሚያዋጣ አይሆንም።

ስለ ውልዎ ዝምታ እውነቱን ልንገርዎ። ውሉ የሰው ቁጥር ካልወሰነ፣ ሰው መብዛቱ ብቻውን ውል ማፍረስ ነው ለማለት ይቸግራል። «ውል አፍርሰሃል፣ ውጣ» የሚል ደብዳቤ ዛሬ ቢልኩ ሲከራከሩ ይወድቃል። በእጅዎ ያለው ሌላ ነው፦ ሳያስፈቅዱ ማከራየትን የሚከለክል ሕግ ካለ እሱ፣ በቤቱ ላይ የደረሰ ጉዳት ካለ እሱ፣ የነዋሪ ብዛት ደንብ ካለ እሱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእድሳት የቀሩት አራት ወራት። ትልቁ አቅምዎ እዚያ ላይ ነው፤ ሕጉ እድሳት መከልከልን የሚገድብ ቦታ ካልሆነ በቀር።

ይነጋገሩ። ይህን ስል ምክር የጠፋኝ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ፣ ግን በዚህ ሥራ ላይ ካየኋቸው የደባል ጉዳዮች አብዛኞቹ የተፈቱት በአንድ ንግግር ነው፤ የተበላሹትም በአንድ ንግግር። ሲነጋገሩ ከሰውዬውና ከሚስቱ ጋር ብቻ ይሁን፣ ሌሎቹ በተቀመጡበት አይሁን። መርማሪ አይምሰሉ። «ባለፈው ቧንቧ ሳሠራ ፍራሾቹን አየሁ፤ ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር ማወቅ አለብኝ፣ ለመድንም ለውልም ያስፈልገኛል። ማናቸው፣ ከመቼ ጀምረው ነው፣ እስከ መቼ ናቸው?» ማለት ይበቃል። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። «ገንዘብ ይከፍላሉ?» የሚለውን መጨረሻ ላይ ይጠይቁ፣ መጀመሪያ ላይ ከጠየቁ የቀረው ሁሉ ይዘጋል። ሰው የሚደብቀው ሁልጊዜ ሊያጭበረብር ፈልጎ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ «እምቢ ይለኛል» ብሎ ፈርቶ ነው፣ ሲጠየቅ ደግሞ ይቀለዋል። ማታውኑ የተባለውን በጽሑፍ መልእክት ይላኩለት፦ «ዛሬ እንደተነጋገርነው...» ብለው። ቀኑና ቃሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል።

የማይደረገውንም ልናገር። ጎረቤት እየጠየቁ ስለላ መግባት፣ በሩ ፊት ቆሞ የሚገባ የሚወጣ መቁጠር፣ ቤት ውስጥ ካሜራ መደበቅ የለም። የመጨረሻው በብዙ አገር ወንጀል ነው። ቤቱን ማየት ከፈለጉ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ 24 ሰዓት የተለመደ ነው። ገብተውም ቁም ሳጥን አይክፈቱ፣ ብሩሽም ደግመው አይቁጠሩ። ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ኑሮው ግን የእነሱ ነው።

ከንግግሩ በኋላ መንገዱ እንደ መልሱ ይለያያል። እናት ናት፣ በሁለት ወር ትሄዳለች ካሉ ስሟንና የምትሄድበትን ቀን የያዘ አጭር ወረቀት ተፈራርሞ መተው ነው። የሚቆይ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ዋናው ውል ላይ ተጨማሪ ስምምነት ይጻፋል፤ ሰውየው በስም ተጠቅሶ «ከተከራዩ ጋር እንዲኖር የተፈቀደለት፣ ተከራዩ ሲወጣ አብሮ የሚወጣ» ይባላል። ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂው ተከራዩ ይሆናል። ኪራይ የሚጋራ ደባል ከሆነና ሊቀበሉት ከወሰኑ ግን እንዲህ አይበቃም፤ እሱም ይፈርም። ሲፈርም «በአንድነትና በነጠላ» የምትለዋ ሐረግ እንዳትረሳ፣ ማለትም አንዱ ቢጠፋ ከሌላው ላይ ሙሉውን ኪራይ መጠየቅ ይቻላል። የመጀመሪያውን ሰው ምን ጠይቀው ከነበር እሱንም ያንኑ ይጠይቁ፤ መታወቂያ፣ የሥራ ማስረጃ፣ የቀድሞ አከራይ። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ፦ የፈረመ ሰው የመኖር መብትም ያገኛል፣ ነገ ቢያናድድዎት እሱን ለይተው ማስወጣት አይችሉም።

ፍራሽ እያከራዩ ከሆነ እዚህ ላይ ጠንከር ይበሉ። ያዩትን፣ ያነጋገሩበትን ቀንና የሚጠቅሱትን የሕግ ወይም የውል አንቀጽ ይዞ፣ ሌሎቹ እስከዚህ ቀን ይውጡ የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለተከራዩ ይጻፉ። ለሌሎቹ አይጻፉ፣ ከእነሱ ጋርም አይከራከሩ፤ ውል ያለዎት ከእሱ ጋር ነው። ሕጉ የቀን ገደብ ካስቀመጠ እሱን ይከተሉ፣ ከሌለ ሰው ሌላ ቤት ሊያገኝበት የሚችል ጊዜ ይስጡ። በሦስት ቀን ውጡ ማለት ለዳኛም አይጥምም። ካልተፈጸመ ፍርድ ቤት ነው፣ ሌላ አቋራጭ የለም። ደላላ፣ ጉልበተኛ ዘመድ፣ «አንዴ ላስፈራራቸው» የሚባል ነገር አይሞከርም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ይህን ነበር የማደርገው። በሰዓቱ የሚከፍል ተከራይ በቀላሉ አይገኝም፣ ስምንት ወር ሙሉ ያላስቸገረን ሰው በስድስት ብሩሽ አልጥለውም። በዚህ ሳምንት ቆጣሪውን አነባለሁ፣ በሚቀጥለው አነጋግራለሁ። ዘመድ ከሆኑ ባልና ሚስቱን ጨምሮ እስከ አራት ሰው በስም ፈቅጄ የቀሩት የሚሄዱበትን ቀን እጽፋለሁ፤ ንግድ ከሆነ ደብዳቤውን ሰጥቼ ውሉ ሲያልቅ አላድስም። በሁለቱም መንገድ አዲሱ ውል ላይ ይህ መስመር ይገባል፦ «በቤቱ የሚኖሩት ስማቸው ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ብቻ ናቸው፤ በስድስት ወር ውስጥ ከ14 ሌሊት በላይ የሚያድር ሌላ ሰው ሲኖር ተከራዩ ለአከራዩ በጽሑፍ አስቀድሞ ያሳውቃል።» ልጅ መውለድ በዚህ አይነካም ብለው ይጨምሩበት፣ ማንም ሕፃን አስፈቅዶ አይወለድም።

ያለፉትን ሦስት ወራት የውሃ ልዩነት ልጠይቃቸው ወይ የሚለውን አልጻፉልኝም፣ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እሱ ነው። ውሉ ላይ ውሃ የእኔ ነው ብለው ከፈረሙ ያለፈውን በመብት አይጠይቁም፤ እንካፈል ብለው ሊለምኑ ይችላሉ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ ጥሩ። ከዚህ በኋላ ግን ተጨማሪ ስምምነቱ ላይ እስከዚህ ሜትር ኪዩብ በእኔ፣ ከዚያ በላይ በተከራዩ ተብሎ ይጻፍ፣ ወይም ቆጣሪው በስሙ ይዙር። ይህን ከማንሳትዎ በፊት ግን ቆጣሪውን አንብበው ይጨርሱ፤ የሚያፈሰው የእርስዎ ሽንት ቤት ሆኖ ከተገኘ ያን ንግግር ባልጀመርኩት ይላሉ።